ስፓኒሽ በወንፈል

ባለፈው ሳምንት ቤቴን ቀለም ላስቀባ ብዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሁሉ ሳወርድ፣ በመጨረሻ ያወረድኩት ያን አሮጌ ማጭድ ነበር። ጥርሱ አልቋል። እጀታው በሰው እጅ ላብ ጠቁሮ ይወዛል። አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ ባሸትተው የዛገ ብረትና የደረቀ ጭድ ሽታ አሁንም አልለቀቀውም። ቀለም ቀቢው "እትዬ፣ ይኼንን ልጣለው?" ብሎ እጁን ሲዘረጋ ነጥቄ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ሰውየው ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ማጭድ የታቀፈች፣ ዓይኗ እንባ ያቀረረ ሴት ፊት ለፊት ቆሞ ሌላ ምን ያድርግ!

ስፓኒሽ የተማርኩት በዚህ ማጭድ ነው ብልህ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ብቻ እስክጨርስ አታቋርጠኝ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ቁይ ከተማ መምህርት ሆኜ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለፈልፍ የሚያዩኝ ሰዎች አያምኑም እንጂ፣ ያኔ ሰው በተሰበሰበበት ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር እንደ ልቤ አወራለሁ። ከደጃፋችን ከወጣሁ ግን አፌ ይለጎማል። መምህር ስሜን ጠርቶ ከጠየቀኝ መልሱን እያወቅሁት ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ጆሮዬ ይግላል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም ተመልሼ እቀመጣለሁ።

እናቴ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። በገበያ ቀን አጠገቧ እቀመጥና ገዢ እንድጠራላት ትለምነኛለች። በግራና በቀኝ ያሉት የሻጭ ልጆች ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይጮኻሉ። እኔ አፌን እከፍታለሁ፣ ምንም አይወጣም። አንድ ቀን እናቴ ተስፋ ቆርጣ ይሁን አዝናልኝ እንጃ፣ ሳቀችና "በይ ተይው። አንች ዝም ብለሽ ደርድሪልኝ፣ ድርድርሽ ይጣራልኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ መደርደር ሆነ። ትልቁን ከትልቅ፣ ነጩን ከነጭ፣ ቅርፊቱ የተላጠውን ከውስጥ አድርጌ ጆንያው ላይ ሳሰናዳው መንገደኛው ሳያስበው ይቆማል። ይህን ችሎታ ከሽንኩርት ሌላ የሚፈልገው ነገር ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ከዕለታት አንድ ቀን የወጣት ማዕከሉ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የስፓኒሽ ቋንቋ ትምህርት ለጀማሪዎች፣ በነፃ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ለምን እንደ ተመዘገብኩ ዛሬም ሳወራው እስቃለሁ። አንድም ሰው በማያውቀው ቋንቋ ሁሉም ዲዳ ነው፤ ሁሉም ዲዳ በሆነበት ክፍል ደግሞ የእኔን ዝምታ ማን ያየዋል ብዬ ነው።

መምህራችን የወፍጮ መካኒክ ነበሩ። በልጅነታቸው ከብዙ ልጆች ጋር ወደ ኩባ ተልከው፣ እዚያው አድገውና ተምረው፣ ጎልማሳ ሆነው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከገበያው በታች ባለው ወፍጮ ቤት ሲሠሩ ይውሉና አመሻሽ ላይ የኮታቸው አንገትጌ ዱቄት እንደ ነካው ይመጣሉ። ገና ከበር ሲገቡ ክፍሉን የተፈጨ በቆሎ ሽታ ይሞላዋል። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነበር፣ እያንዳንዱን ቃል አንስተው አይተው የሚያስቀምጡት ይመስላሉ። ስፓኒሽ ሲናገሩ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ይፈጥናሉ፣ ትከሻቸው ይንቀሳቀሳል፣ የቃሉን ጭራ ይውጡታል። የደሴቲቱ ሰዎች እንዲያ ነው የሚያወሩት አሉን። ሲገቡ "ቡዌና ታርዴ" ይሉና ወዲያው ራሳቸውን ያርማሉ። "እናንተ ግን 'ቡዌናስ ታርዴስ' በሉ። እኔ የዋጥኩትን እናንተ አትዋጡ።" ደህና ዋላችሁ ማለት ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ከአምበር አካባቢ የመጣ ዲያቆን፣ አንድ ምሽት "ጋሼ፣ ምን ቸገረዎትና ነው በነፃ የሚደክሙልን?" ብሎ ጠየቃቸው። ጠመኔውን እጃቸው ላይ አገላበጡት።

"የማወራው ሰው የለኝማ" አሉ። "ያደግሁበት ቋንቋ ነው። አልቅሼበታለሁ፣ ስቄበታለሁ። አሁን ወፍጮው ሲጮኽ ማንም አይሰማኝም ብዬ ለብቻዬ አወራለሁ። ሰው ካላገኘሁ ሊጠፋብኝ ነው።"

እኔ መናገር አቅቶኝ፣ እሳቸው የሚሰማቸው አጥተው፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ነው የምንኖረው አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ክፍል እንዳይዘጋ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነበርኩ።

የመዘጋቱ ነገር ቀልድ አልነበረም። ክፍሉን የማዕከሉ ኃላፊ የሰጣቸው በሙከራ ነው። "እስከ ጥምቀት አያለሁ" ብሏቸዋል። "ሰዎቹ አፍ ከፈቱ ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ ካልሆነ ሁለተኛ የፑል ጠረጴዛ አስገባበታለሁ።" የመጀመሪያው ጠረጴዛ ከግድግዳው ማዶ ነበር። ግሥ ስናረባ የኳሶቹ ቋ፣ ቋ ይሰማናል። ቀናችንን የሚቆጥሩብን ይመስለኝ ነበር።

የሚያስቸግረው ታዲያ የእኛው ሥራ ነበር። መምህሩ በየዕለቱ ያጽፉናል፣ የሁላችንንም ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው ለእርማት ይወስዳሉ። መብራት ይጠፋል፣ ወፍጮ ይበላሻል፣ ያልታረመው ላይ ሌላ ይደረብበታል። ስሙን የማይጽፍ ሞልቷል። የአንዱ ሥራ ለሌላው ይደርሳል። አብሮን የሚማር ባጃጅ ነጂ አንድ ምሽት አብራን የምትማረውን የአንዲት ነርስ ወረቀት የራሱ መስሎት ቆሞ፣ ባሌ ወታደር ነው፣ በጣምም እወደዋለሁ ብሎ በስፓኒሽ አነበበልን። ነርሷ በሳቅ ወንበሯን ይዛ ወደቀች። ሳቁ ግን የሚያዛልቅ አልነበረም። ፈጣኖቹ ሰለቻቸው፣ ዘገምተኞቹ ቅስማቸው ተሰበረ፣ ሰው መቅረት ጀመረ። መምህሩ ባዶውን አግዳሚ በዓይናቸው ያዩና ወደ ሰሌዳው ይዞራሉ።

ኅዳር ላይ ዲያቆኑ ለአጨዳ አባቱ ዘንድ ሄዶ ሰነበተ። የተመለሰ ዕለት ከአውቶብስ ወርዶ በቀጥታ ክፍል ነበር የመጣው። ፊቱን ፀሐይ መትቶታል፣ ከቦርሳው የማጭድ እጀታ ብቅ ብሏል። የደከመ ወርቃማ ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ መምህሩን በወረቀት ክምር መሐል አሳያቸው። ዲያቆኑ ቆሞ ክምሩን አየ።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብቻዎን የሚገፉት አይደለም። ለምን ወንፈል አናደርገውም?"

"ወንፈል?" መምህሩ ቃሉን ከሩቅ ቦታ እንደሚጠሩ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ወንፈል... እንዴት ነበር እሱ?"

ሕፃን ሆነው ነው ከአገር የወጡት። ሁላችንም አንድ ላይ ልናስረዳቸው ተንጫጫን። ዛሬ ሁሉም የአንተን ማሳ ያጭዳል፣ ነገ ሁሉም የእኔን፤ የሁሉም ሰው ተራ እስኪዳረስ እንዲሁ ይዞራል። ያገዙትን ሳያግዝ የሚቀር የለም፣ ቢቀር መንደሩ ዓይኑን አያየውም። "የሁሉን ሰው ማሳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያጭድ የት አገር ታይቶ ነው ጋሼ?" አለ ዲያቆኑ። መምህሩ ከረጢቱን አዩት፣ እኛን አዩን፣ ከዚያ ከረጢቱን ከጠረጴዛው ላይ አውርደው መሬት አስቀመጡት።

ዕጣ ጣልን። የዕለቱ ባለማሳ ከፊት ይቀመጣል፣ የዲያቆኑ ማጭድ ከራሱ በላይ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ባለማሳው ከገዛ ሕይወቱ በስፓኒሽ ሊያወራው የሚመኘውን ነገር በአማርኛ ይነግረናል፤ ከዚያ ሁላችንም የእሱ ነገር ላይ እንረባረባለን። አንዱ ቃል ያቀብላል፣ አንዱ ያያይዛል፣ ሌላው የተሳሳተውን ያነሳል፣ መምህሩ ከመሐላችን እየተዘዋወሩ ያቃናሉ። ሰውየው ያለ ወረቀት እስኪናገረው ድረስ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። በወንፈል ደንብ ባለማሳው ማብላት አለበትና ቆሎ ወይም ንፍሮ ይዞ ይመጣል። የስፓኒሽ ነገር በተነሳ ቁጥር የትኩስ ባቄላ ንፍሮ ሽታ የሚመጣብኝ ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ ሥራ አገኘሁ። ያን የተዘበራረቀ ከረጢት ዘርግፌ የሁሉንም ጽሑፍ በየእጅ ጽሑፉ እየለየሁ ለባለቤቱ መለስኩ። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጠርኩና የባለማሳውን ወረቀቶች በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልኳቸው፤ የመጀመሪያ ቀን የጻፈው በግራ፣ የዛሬው በቀኝ። ሰው ከገመዱ ፊት ሲቆም ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ በዓይኑ ያየዋል። ነርሷ የመጀመሪያ ወረቀቷን አይታ "እኔ ነኝ ይኼን የጻፍኩት?" ብላ አፏን ያዘች። መምህሩ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተከትለው አይተው "ይኼን ማን ደረደረው?" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ጠቆመ።

"ሰው ያስቆማል" አሉ።

እናቴ እዚያ ኖራ ብትሰማ ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ።

የባጃጅ ነጂው ተራ የዋለ ዕለት አልረሳም። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እንደ ስፔን የኳስ ጨዋታ አስተላላፊዎች ጎል ማወጅ። ኳሷ ከመሐል ሜዳ እንዴት እንደ ተነሳች፣ ማን ለማን እንዳቀበለ፣ በረኛው ወዴት እንደ ወደቀ ቃል በቃል አጨድንለት። መጨረሻ ላይ አየር ስቦ "ጎ-ኦ-ኦ-ል!" ሲል ክፍሉ በሙሉ ተከተለው፤ የዲያቆኑ ነጠላ ከትከሻው ወደቀ። የፑል ተጫዋቾቹ ማን አገባ ብለው በሩን በርግደው ገቡ። በማግስቱ ቀርተው የነበሩት ሁሉ ተመለሱ፣ አግዳሚው ሞላ።

እኔስ? እኔ ዕጣዬ በወጣ ቁጥር ለሌላ ሰው እሰጥ ነበር። የሁሉንም ማሳ በእጄ አግዣለሁ፣ ቃል ፈልጌ ጽፌ አቀብላለሁ፣ እደረድራለሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ማንም አላስጨነቀኝም። እየቆጠሩብኝ እንደ ነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ማጭዱ ጉድ አፈላብን። ከፑል ተጫዋቾቹ አንዱ ለኃላፊው "ከኩባ የመጡት ሰውዬ ግድግዳ ላይ ማጭድ ሰቅለው ሰው ሰብስበው ያስጮኻሉ" ብሎ ነገረው። ኃላፊው ያን የአብዮት ዘመን በልጅነቱ ያየ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ማጭድ ከሰሌዳ በላይ ለምን ይሰቀል እንደ ነበር ያውቃል፤ ከእሱ ጎን ምን እንደሚሰቀልም ያውቃል። አንድ አመሻሽ በሩ ላይ ደርሶ ቆመና ግድግዳውን አተኩሮ አየ።

"መዶሻውስ የት አለ?" አለ።

መምህሩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ተነስቶ የመለሰው ዲያቆኑ ነበር። "የአባቴ ማጭድ ነው ጌታዬ። መዶሻ የለንም። ጤፍ በመዶሻ አይታጨድም።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኃላፊው አልሳቀም። "ጥምቀትን አልጠብቅም" አለ። "ነገ ቋንቋውን የምታውቅ ሰው ይዤ እመጣለሁ። የሚናገረውን ተማሪ የምመርጠው እኔ ነኝ። የሚረባ ነገር ከሌለ ነገውኑ ጠረጴዛው ይገባል።" በሩን ሳይዘጋ ሄደ። የኳሶቹ ቋ፣ ቋ ከወትሮው ጎልቶ ተሰማኝ።

መምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተጋድሟል። ያኔ ዲያቆኑ ማጭዱን ከምስማሩ አወረደ፤ ሊያነሳው ነው ስንል መጥቶ ከእኔ ራስ በላይ ሰቀለው።

"ያልታጨደች የቀረች የእሷ ናት" አለ።

"የምናገረው የለኝም" አልኩ። ማን ይስማኝ፣ ከራሴም ጆሮ አላለፈ።

ባጃጅ ነጂው ብድግ አለ። "አንች የእኔን ጎል ስታጭጅልኝ ከርመሽ እኔ ሳላግዝሽ ልቅር? ሰው ምን ይለኛል? አይሆንም!"

ለመምህሩ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ስለ እናቴ፣ ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፣ አፌን ከፍቼ ምንም ስለማይወጣው ነገር፣ ስለ ድርድሩ። እሳቸው ጮክ ብለው ለክፍሉ ደገሙት። የሳቀ አልነበረም። ከዚያ ቃሉ ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። ነርሷ "እናቴ" የሚለውን ሰጠችኝ፣ ዲያቆኑ "ነጭ" የሚለውን፣ ባጃጅ ነጂው "መጮኽ" የሚለውን፣ ያውም እየጮኸ። ዛሬም እያንዳንዱን ቃል ስናገር የሰጠኝ ሰው ድምፅ ይሰማኛል። ንፍሮ ስላላመጣሁ ለእናቴ ተላከባት፤ ራሷ በሳህን ይዛ ገባች፣ ከኋላ ቁጭ ብላ ስለ እሷ የምንለውን አንድም ሳይገባት እያየችን አደረች ማለት ይቻላል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያለ ወረቀት አወጣሁት። ግን በሹክሹክታ ነው። ከፊተኛው አግዳሚ ወዲያ የሰማ የለም። መምህሩ ፈገግ ብለው "ታጭዷል" አሉ፣ ቃሉን ወደዱት መሰለኝ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ኃላፊው ለውኃ ሥራ ወደ አካባቢው የመጣች የስፔን ሴት ይዞ ገባ። ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው ሴት ናት። ኃላፊው ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ፣ ማጭዱን ገላመጠ፣ ከዚያ ፊታችንን ቃኘ። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። ስህተቴ እሱ ነበር።

"ያቺ" አለ። "እዚያ ጥግ ያለችው።"

ከሁሉም ጎበዝ የሆነውን ሰው አልመረጠም፣ አፍ የሌላትን መረጠ። ተነስቼ ወደ ጠረጴዛው እንዴት እንደ ደረስኩ አላውቅም። ሴትዮዋ በትዕግሥት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠችኝ፣ እኔም በሹክሹክታ ጀመርኩ። የማደርገው አጥቼ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ጠመኔ መደርደር ያዝኩ። ትልቁን ከትልቅ፣ ነጩን ከነጭ። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች አልኩ። እኔ አልጮኽም፣ እደረድራለሁ አልኩ። ሴትዮዋ ጠመኔውን አየች፣ እኔን አየች፣ ዓይኗ ሳቀ።

ከዚያ ማንም ያላሰበውን ነገር አደረገች። አንዱን ጠመኔ አንስታ እንደ ሽንኩርት አሸተተችው፣ አገላበጠችው፣ ፊቷን አጨማደደች። "ኖ፣ ግራሲያስ"፣ አይ አመሰግናለሁ፣ አለችና መልሳ አስቀምጣ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች። ልክ ሌላ ሻጭ ጋ እንደምትሄድ ገዢ።

ጀርባዋን አየሁ። ከጀርባዋ በሩን፣ ከበሩ ወዲያ የፑሉን ጠረጴዛ አየሁ። መምህሩን አየኋቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ይህች ሴት ከዚያ በር ከወጣች እኚህ ሰው ዳግመኛ ለወፍጮ ነው የሚያወሩት አልኩ። ገዢ ሲሄድ የእናቴ ፊት እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ ያ የማውቀው ነገር መጣ፣ ሊዘጋ።

"ሴኞራ!"

ማን ነው የጮኸው ብዬ ዞርኩ፤ ወላሂ እውነቴን ነው፣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን አልቆመችም፤ ገዢ አንዴ ሲጠሩት መቼ ይቆማል!

"ሴኞራ! ቬንጋ! ቬንጋ! አኾ! ሙይ ብላንኮ! ሙይ ቡዌኖ! ሚሬ፣ ሴኞራ!"

ነይ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በጣም ነጭ፣ በጣም ጥሩ፣ ተመልከቺ እንጂ እመቤቴ! የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከግድግዳው ማዶ የኳሶቹ ድምፅ ቆመ። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ዞረች። ውድ ነው አለችኝ ከዚያው ሆና። አይደለም አልኳት። ትንሽ ነው አለችኝ። ትልቁን ጠመኔ አንስቼ ከራሴ በላይ ያዝኩት። ባጃጅ ነጂው ከኋላ "ሙይ ግራንዴ!" ብሎ አገዘኝ፣ ነርሷ ቀጠለች፣ ክፍሉ በሙሉ እንደ አጨዳ ቀን ተቀባበለው። ሴትዮዋ እየሳቀች ተመልሳ መጥታ ጠመኔዬን በሁለት እጇ ታቅፋ ወሰደች።

ኃላፊው አንድም ቃል አልገባውም። ገበያ ግን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም። ከወንበሩ ተነስቶ፣ ባለሥልጣንነቱንም ረስቶ፣ "ሸጠችላት!" ብሎ ጮኸ። "በእመብርሃን፣ ሸጠችላት እኮ!"

የዚያን ዕለቱን እልልታ እንዴት ልንገርህ። ዲያቆኑ ጭብጨባ ያዘ፣ የፑል ተጫዋቾቹ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ አብረው አጨበጨቡ። ኃላፊው ማጭዱን አውርዶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ የገበሬ ልጅ ለካ ኖሯል። "ይኼማ አልቋል" አለ። ቦታው መልሶ ሰቀለውና "ክፍሉ የእርስዎ ነው" አላቸው ለመምህሩ። መምህሩና ሴትዮዋ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ብዙ አወሩ። እንዴት እንደሚፈጥኑ! እሷ በሚውጡት የቃል ጭራ ሳትቀልድባቸው አልቀረችም፤ ሰምተነው የማናውቀውን ሳቅ ሳቁ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ደርድሬ ስጨርስ፣ ቀና ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ። እናቴ የመሐረቧን ቋጠሮ ስትፈታ ነበር፣ ከእጇ አመለጣት። ዓይኗን ጠርጋ፣ "ድርድሩንም አትተይ ታዲያ" ነው ያለችኝ።

ወንፈሉ ሁሉንም አዳርሶ የቀሩት መምህሩ ነበሩ። ዲያቆኑ ማጭዱን ከራሳቸው በላይ ሰቅሎ "ጋሼ፣ የእርስዎስ ማሳ?" አላቸው። ያን ምሽት ነው የለመኑን። "ወረቀት የለውም የእኔ" አሉ። "አውሩኝ ብቻ።" ኩባ ልጆች ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር አመሻሽ ላይ በሸንኮራው እርሻ ዳር ተደርድረው ተቀምጠው፣ ስለዚህም ስለዚያም ያወሩ ነበር፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ እየዋለ እያደረ ሳያውቁት በስፓኒሽ። እኛም አግዳሚዎቹን ክብ አድርገን ተቀመጥንና ስለ ዝናብ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ባቄላ በዚያ በተንጋደደ ስፓኒሻችን አወራናቸው። ያን ዕለት አንድም ስህተት አላረሙብንም። ከሁሉም ብዙ ያወራሁት እኔ ነበርኩ።

ክፍሉ ለዓመታት ቆየ፤ እኛ ግን በየአቅጣጫው ተበተንን። ዲያቆኑ ዛሬ መርጡለ ማርያም ቄስ ነው። ማጭዱን ለእኔ የሰጠኝ እሱ ነው፣ "አንች ጋ ይቀመጥ፣ ከባዷን ማሳ ያጨደው ላንች ነው" ብሎ። መምህራችን ካቻምና ክረምት አረፉ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ለቀብራቸው አልደረስኩም፤ ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደብረ ማርቆስ የሄድኩት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። ከገበያው በታች ስወርድ ወፍጮው እንደ ድሮው ይጮኻል፣ የበቆሎው ዱቄት ሽታ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። በሩ ላይ ቆምኩ። እሳቸው የሉም፤ ልማድ ሆኖብኝ ግን ባለኝ ድምፅ ሁሉ "ቡዌናስ ታርዴስ!" አልኩ።

ከውስጥ፣ የወፍጮው አፍ ላይ እህል የሚያፈሰው ፈጪ፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ፣ ራሱን ሳያዞር ጮኾ መለሰልኝ።

"ቡዌና ታርዴ!"

ክፍላችን ደርሶ የማያውቅ ሰው ነው። የቃሉን ጭራ ልክ እንደ መምህራችን ነበር የዋጠው። ቀረብ ብዬ ሽማግሌውን፣ ከማን ተማሩት አባባ አልኳቸው።

"ከጋሼ ነዋ" አሉኝ። "እዚህ ቆመው ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ማንም የሚሰማቸው አይመስላቸውም። እኔ እሰማቸው ነበር።"

እህሉ እያለቀ ነበርና ወደ ሥራቸው ዞሩ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ ከወፍጮው በላይ ጮኼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭራውን ውጬ ደገምኩት።

"ቡዌና ታርዴ!"